ሦስት ምሽት ላለው የጁ-ጂትሱ ሠልጣኝ፦ ምንጣፍ፣ ብረት ወይስ ሩጫ?

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ቀኑን ቢሮ፣ ሱቅ ወይም ፋብሪካ ውሎ ማታ ለመታገል ለሚወጣ ሰው ነው። ሜዳሊያ አይጠብቅም፤ ተጋጣሚን መሬት ላይ ይዞ፣ አንቆ ወይም ክንዱን ቆልፎ እጅ በሚያሰጠው የትግል ስፖርት፣ በብራዚላዊ ጁ-ጂትሱ፣ እንጀራ አይበላም፤ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ግን መሻሻሉን በገዛ ሰውነቱ ማወቅ ይፈልጋል። ደብረ ብርሃንም ይኑር ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲናም ይኑር መሐል ሜዳ ችግሩ ያው ነው። ያለው ጊዜ በሳምንት ሦስት፣ ቢበዛ አራት ምሽት ነው፤ አሠልጣኝ እንደ ልብ አይገኝም፤ በኢንተርኔት የሚነበበው ምክር ደግሞ በየሰፈሩ የጁ-ጂትሱ ትምህርት ቤት ላለው አገር የተሰናዳ ነው።

ስለዚህ የእኛ ሚዛን ከሌላው ትንሽ መለየት አለበት። ሪዮ ዴ ጄኔሮ የሚሠለጥን ሰው አንድ አጋሩ ቢጎዳበት ሌላ ሃያ ሰው ምንጣፉ ላይ ይጠብቀዋል። እኛ ዘንድ አንድ ሰው ጉልበቱን ታሞ ከቀረ የቡድኑ ሩብ ቀረ ማለት ሊሆን ይችላል። የሚነሳ ብረት ከሲሚንቶ ይሠራል፣ ምንጣፍም ከጭድ ይሠራል፤ ሐሙስ ተጋጥሞ ማክሰኞ ተመልሶ የሚመጣ አጋር ግን ከምንም አይሠራም። ከዚህ በታች ያሉትን ምርጫዎች የምመዝነው በሁለት ጥያቄ ነው፦ ያጠነክረኛል ወይ? አጋሬንስ ደህና አድርጎ ያቆይልኛል ወይ?

የት ይሠልጠን?

የመጀመሪያው መንገድ ቅዳሜን ጠብቆ አዲስ አበባ መሄድ ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጠዋት ተነስቶ ላምበረት መናኸሪያ ደርሶ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዞ፣ ሠልጥኖ እስኪመለስ ቀኑ ያልቃል። ከሸዋ ሮቢት ወይም ከመሐል ሜዳ የሚነሳ ደግሞ ማደሪያም ማሰብ አለበት። በምላሹ የሚገኘው በሌላ መንገድ አይገኝም፦ ልምድ ያለው ሰው ክርናችሁ የት እንደተከፈተ በአንድ ዓይን አይቶ ይነግራችኋል። የደረጃ ምልክት የሆነው ቀበቶም ቢሆን የሚሰጠው ከአሠልጣኝ ነው። ዓለም አቀፉ የብራዚላዊ ጁ-ጂትሱ ፌዴሬሽን አንድ ሰው ወደ ሐምራዊ ቀበቶ ከማለፉ በፊት ቢያንስ 2 ዓመት በሰማያዊ፣ ወደ ቡናማ ከማለፉ በፊት ደግሞ አንድ ዓመት ተኩል በሐምራዊ እንዲቆይ ይጠይቃል። ማንም ሰው በጓደኞቹ ፊት ራሱን ሰማያዊ ቀበቶ ሊያስታጥቅ አይችልም፤ ቢያደርገውም የሚያምረው ፎቶው ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በአቅራቢያ ያለ ሌላ ስፖርት ውስጥ መግባት ነው። እዚህ ላይ ልዩነት አለ። ጁዶ ወይም የነጻ ትግል የሚያሠለጥን ሰው ካገኛችሁ ሳታመነቱ ግቡ። ጁዶ በ1882 በጃፓን በጂጎሮ ካኖ የተመሠረተ ሲሆን፣ በ1914 ብራዚል የገባው ሚትሱዮ ማኤዳም የጁዶ ሰው ነበር፤ የግሬሲ ቤተሰብ ጁ-ጂትሱውን ያዳበረው ከእሱ በተገኘው ትምህርት ላይ ነው። ስለዚህ ጁዶ ቤት የምትማሩት አወዳደቅ፣ ሚዛን ማሳጣትና መሬት ላይ መያዝ በሙሉ ይጠቅማችኋል። ቴኳንዶና ውሹ በየከተማችን በቀላሉ ይገኛሉ፤ ነገር ግን በአብዛኛው መሬት ላይ መያዝና መታገል አያስተምሩም። ከቴኳንዶ ቤት የሚፈለገው አዳራሹና ምንጣፉ ነው። ከልጆቹ ሥልጠና በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት በትንሽ ኪራይ ጠይቁ፤ ባለቤቱም ባዶ ከሚያድር ይሻለዋል።

ሦስተኛው ከአራት እስከ ስድስት ሰው ሆኖ የራስን ቡድን ማቋቋም ነው። እኔ የምመርጠው ይህንን ከመጀመሪያው ጋር አጣምሮ ነው፦ በየሳምንቱ እዚሁ መታገል፣ በወር አንድ ጊዜ አንድ ሰው በሁሉም መዋጮ አዲስ አበባ ልኮ የተማረውን ይዞ እንዲመለስ ማድረግ። ተራ ይግባ፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ከሄደ ያ ሰው ሳያስበው የሌሎቹ አለቃ ይሆናል። ምንጣፉ ስስ ከሆነ ወይም ጭድ በሸራ ሰፍታችሁ ከሠራችሁት ከቆሙበት መወርወር ይቅርባችሁ፤ ከጉልበት ተነሱ። የተሰበረ የአንገት አጥንት በወር መዋጮ አይጠገንም።

በጂ ወይስ ያለ ጂ?

ጂ የሚባለው ወፍራም ልብስ ትግሉን ያዘገየዋል። ኮሌታና እጅጌ መያዣ ስለሚሆኑ ቀላል ሰው ከባዱን የማቆም ዕድል ያገኛል፤ ላብ ቢኖርም ማምለጥ በጉልበት ብቻ አይሆንም። ለጀማሪ ይህ ጥሩ ነው፤ ማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋል። ያለ ጂ ፈጣን ነው፣ ወጪውም ቲሸርትና ኪስ የሌለው ቁምጣ ብቻ ነው።

በእኛ አካባቢ ግን ፈራጁ የአየር ሁኔታው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ሰኞ ማታ የታጠበ ጂ ረቡዕም ያንጠባጥባል፤ ኮሌታው ውስጥ ያለው ድርብ ስፌት ደግሞ ከሁሉም በኋላ ነው የሚደርቀው። እርጥብ ልብስ ለብሶ መታገል ጭርትና እባጭ ይጋብዛል፤ አንዱ ከያዘው ሁሉም ይይዛል፤ ቡድኑም ለሳምንታት ይበተናል። ስለዚህ ለደጋው ሰው ከመስከረም እስከ ሰኔ በጂ፣ በክረምት ያለ ጂ እላለሁ። ሸዋ ሮቢት ነገሩ ይገለበጣል፦ ልብሱ በግማሽ ቀን ይደርቃል፣ ሙቀቱ ግን በጂ ውስጥ ሰውን ይቀቅላል። እዚያ ጂን ለቀዝቃዛዎቹ ወራት ማቆየት ይሻላል። የጁ-ጂትሱ ጂ ካልተገኘ የጁዶ ልብስ ይበቃል። የቴኳንዶ ልብስ ግን አይሆንም፤ ኮሌታው በመጀመሪያው ምሽት ይቀደዳል።

ብልሃት የሚያሳድገው የትኛው ልምምድ ነው?

ሰፊው ልዩነት የሚፈጠረው እዚህ ነው፤ ብዙው ቡድንም ጊዜውን የሚያባክነው እዚሁ ላይ ነው።

የተለመደው አሠራር ይህ ነው፦ አንድ ሰው ስልኩን ከፍቶ አዲስ ቴክኒክ ያሳያል፤ ሁሉም ዝም ብሎ በተኛ አጋር ላይ ደጋግሞ ይሞክረዋል፤ ከዚያ ነጻ ስፓሪንግ፣ ማለትም ከሚቃወም አጋር ጋር እንደ ልብ መታገል፣ ይጀመራል፤ የተማሩት ቴክኒክ በስፓሪንጉ ውስጥ አንድም ጊዜ አይታይም። በማግስቱ ሌላ ቪዲዮ። ድግግሞሽ ያለ ተቃውሞ የእንቅስቃሴውን ቅደም ተከተል ያስይዛል፤ መቼ እንደሚደረግ ግን አያስተምርም። ነጻ ስፓሪንግ ደግሞ ደስ ይላል፣ ላብ ያስወጣል፣ ነገር ግን ሁሉም የለመደውን ይዞ ስለሚገባ ጠንካራው ይጠነክራል፣ ደካማው መትረፍን ብቻ ይማራል።

ለትንሽ ቡድን ሁለቱንም የሚበልጠው ከተወሰነ ቦታ የሚጀመር ስፓሪንግ ነው። ምሳሌ ልስጥ። ማውንትን እንውሰድ፦ አንዱ በጀርባው ተኝቷል፣ ሌላው ሆዱ ላይ ተቀምጧል። የታችኛው ሥራ ማምለጥ ብቻ ነው፤ የላይኛው ሥራ መቆየትና ማስጨነቅ ነው። የላይኛው አንድ እጁን አንገታችሁ ሥር ሲያስገባ ያንን እጅ ከክርኑ በላይ ደረታችሁ ላይ ጠፍሩ፤ በዚያው በኩል ያለውን እግሩን በእግራችሁ ቆልፉ፤ ከዚያ ዳሌያችሁን ወደ ላይ ነቅላችሁ በዚያው ትከሻ በኩል ገልብጡት። እጁ ወይም እግሩ አንዱ ነጻ ከሆነ ተደግፎ ይቆማል፤ ሁለቱም ከተያዙ ግን መደገፊያ የለውም። ገለበጣችሁት? ተመልሳችሁ እንደገና ጀምሩ። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ቦታ ተለዋወጡ። በነጻ ስፓሪንግ ምሽቱን በሙሉ አንዴ የሚገጥማችሁ ችግር እዚህ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ ይገጥማችኋል፤ እጁ መቼ እንደሚገባ ዓይናችሁ መለየት ይጀምራል።

ሁለተኛው ጥቅሙ የክብደት ልዩነትን ማስታረቁ ነው። ስድስት ሰው ባለበት ቡድን ውስጥ 55 ኪሎና 90 ኪሎ የሚመዝኑ ሰዎች መገጣጠማቸው አይቀርም። በእንዲህ ያለ ግጥሚያ ቦታ መለዋወጡ ይቅርና ከባዱ ሁልጊዜ ከታች ይጀምር፤ እሱም ከጉልበቱ ሌላ ነገር ለመማር ይገደዳል፣ ቀላሉም ሳይጨፈለቅ ይታገላል።

ከየትኛው ቦታ ይጀመር ለሚለው የውድድሩን ነጥብ አሰጣጥ ተመልከቱ። ማውንትና ጀርባ መያዝ 4 ነጥብ ያሰጣሉ፤ ጋርድ ማለፍ፣ ማለትም ተኝቶ በእግሩ የሚከላከለውን ሰው እግር አልፎ ጎኑን መያዝ፣ 3፤ መጣል፣ ከታች ሆኖ መገልበጥና ጉልበትን ሆድ ላይ ማሳረፍ 2። ነጥቡ የአደጋው መጠን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከ4 ነጥቦቹ ቦታዎች ማምለጥ፣ ቀጥሎ ጋርድን ማቆየትና ማለፍ። አንድን ቦታ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት አትልቀቁት። ቪዲዮም ያኔ ይጠቅማል፦ ምንጣፉ ላይ አንድ ጥያቄ ከተፈጠረ በኋላ መልሱን ለመፈለግ። ጥያቄ ሳይኖር የሚታይ ቪዲዮ ከእግር ኳስ ጨዋታ አይለይም፤ እግር ኳሱ እንዲያውም ይሻላል።

ተጋጣሚን እጅ የሚያሰጡ ማጨናነቂያዎችን በተመለከተም መምረጥ ያስፈልጋል። ክንድ ማጠፍንና ማነቅን ተማሩ፤ አጋር «በቃኝ» ለማለት ሁለት ጊዜ መታ ሲያደርግ ያንኑ ቅጽበት ልቀቁ። አንገት ላይ ያሉት የደም ሥሮች በትክክል ከተያዙ ሰው በአሥር ሰከንድ ገደማ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ጀግንነት እዚያ ቦታ የለውም። ተረከዝ ይዞ ጉልበት የሚያዞረውን ሂል ሁክን ግን አሠልጣኝ በሌለበት ቡድን ጭራሽ አታስገቡት። በጂ ውድድር ለጥቁር ቀበቶ እንኳን የተከለከለ ነው። ምክንያቱም ሕመሙ የሚመጣው ዘግይቶ፣ የጉልበቱ ጅማት ከተጎዳ በኋላ ሊሆን ይችላል። አጋርን ለወራት የሚያሳጣ ነገር የትኛውም ቴክኒክ ዋጋው አይሆንም።

ጉልበትስ?

ጁ-ጂትሱ ጉልበት አይፈልግም የሚሉ ሰዎች አሉ። ብዙውን ጊዜ የሚሉት ጠንካሮቹ ናቸው። እኩል የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ጠንካራው ያሸንፋል፤ ከዚያም በላይ በደንብ የተገነባ ጡንቻ ትከሻንና ጉልበትን ይጠብቃል። ለእኛ ዓላማ ይህ ሁለተኛው ይበልጣል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ከ40 ደቂቃ ያልበለጠ ይበቃል። መሠረቱ አራት እንቅስቃሴ ነው፦ መሳብ፣ መግፋት፣ ቁጭ ብሎ መነሳት፣ ከመሬት ማንሳት። ለጥንካሬ ከሆነ አምስት ጊዜ ያህል ብቻ የምታነሱት ክብደት፣ ሦስት ዙር፣ በየዙሩ መካከል ሁለት ሦስት ደቂቃ ዕረፍት፤ ሲቀላችሁ ጥቂት ጨምሩ። ሁልጊዜ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚያስነሳ አቅም አስቀርታችሁ አቁሙ፤ ነገ የምትታገሉ ሰዎች ናችሁና።

ሦስት አማራጭ አለ። ጂም ገንዘብ ለሚችልና በመንገዱ ላይ ለሚገኝለት ሰው ምርጡ ነው፤ ክብደቱ በትክክል ይታወቃል፣ ጭማሪውም በትንሽ በትንሹ ይሆናል። ሳምንታዊው ምሽት ሦስት ብቻ ከሆነና ጂሙ ከቤት ሩቅ ከሆነ ግን መመላለሱ የምንጣፉን ምሽት ይበላል።

ሁለተኛው በየግቢው የምናውቀው የሲሚንቶ ብረት ነው፦ በሁለት የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ተሞልቶ መካከላቸው የውኃ ቧንቧ የተሰካ። አይናቅ፤ ከመሬት ለማንሳትና ለመግፋት በደንብ ይሠራል። ጉድለቱ ሁለቱ ጣሳዎች እኩል አለመመዘናቸው ነው፤ አንዱ ጎን ይስባል፣ ወገብም ሳይታወቅ ይጠመዘዛል። ከመሙላታችሁ በፊት ሲሚንቶውን በሱቅ ሚዛን መዝኑት፤ ያለውንም በየዙሩ ጎኑን አዙራችሁ ያዙት። ቧንቧው ላይ በሚዞር ጣሳ ደግሞ ምንም ነገር ከራስ በላይ አታንሱ። ክብደት ለመጨመር ጀሪካን የተሻለ ነው፦ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎና የጀሪካኑ ክብደት ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን በሊትር መቆጣጠር ይቻላል። ሁለቱን በሁለት እጅ ይዞ ግቢውን መዞር ለጭብጥ ጉልበት፣ ለጀርባና ለእግር በአንድ ጊዜ ይሆናል።

ሦስተኛው የራስ ክብደት ነው፤ ብዙ ሰው የሚንቀው፣ እኔ ግን ለጀማሪ የምመክረው። ያረጀ ጋቢ በጠንካራ ወራጅ ወይም በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አሻግራችሁ ሁለቱን ጫፍ በመጨበጥ ራሳችሁን ወደ ላይ ሳቡ። ወራጁ ምስጥ እንዳልበላው አስቀድማችሁ ተንጠልጥላችሁ ፈትኑት። ጋቢው በእጅ ውስጥ ስለሚሰበሰብ ጣቶች የጂ ኮሌታ እንደያዙ ሆነው ይሠራሉ፤ ለትግል ከብረት ዘንግ ይልቅ የሚቀርበው ይህ ነው። ስምንት ጊዜ በንጽሕና መሳብ እስኪቻል ድረስ ለመሳብ ተጨማሪ ክብደት አያስፈልግም። የራስ ክብደት የሚደክመው እግርና ወገብ ላይ ነው፤ እዚያ ጀሪካኑ ወይም ዱቄት የያዘ ከረጢት ይግባ።

አንገትን አትርሱ፤ ነገር ግን በራስ ቅል ቆሞ መወዛወዝ ይቅር። ግንባርን በመዳፍ ገፍቶ አንገትን ሳያንቀሳቅሱ መቋቋም፣ ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱም ጎን፣ ይበቃል።

ሩጫ

አጭር ልበል። ሩጫ ጤና ነው፣ ነጻ ነው፣ ከአጋር ጋር ለሚደረግ ትግል ግን ሦስተኛ ደረጃ ነው። ምንጣፍ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው በአብዛኛው ትንፋሽን ይዞ በሙሉ ኃይል ስለሚጨበጥ ነው፤ ያ የሚታረመው በትግሉ ውስጥ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወይም ከሌላ ቆላ ደብረ ብርሃን መጥቶ የሚታገል ሰው ግን ሌላ ጉዳይ አለው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ይቀንሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ መድከሙ የስንፍና ምልክት አይደለም። ደጋው ውስጥ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ቢያንስ አሥራ አምስት ደቂቃ ማሟሟቅ ግድ ነው።

ጾምና ምግብ

ጥንካሬ የሚፈልግ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ቢያገኝ ጥሩ ነው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን 112 ግራም ማለት ነው። በፍስክ ቀን በእንቁላል፣ በወተትና በሥጋ ይሞላል። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን፣ ሌላ ሒሳብ ያስፈልጋል። የዱቄት ፕሮቲን መግዛት አንዱ አማራጭ ነው፤ ዋጋውን ስመለከት ግን ዓይኔ ወደ ጓዳው ይመለሳል። 100 ግራም ደረቅ ባቄላ ወይም ምስር 25 ግራም ያህል፣ ሽምብራ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ገብስ ደግሞ ከዚያ በግማሽ ገደማ። ባቄላና ገብስ የደጋችን ሀብት ናቸው። ወፍራም ሽሮ፣ የምስር ወጥ፣ ከሥልጠና በኋላ በሶ፣ በኪስ የሽምብራ ቆሎና ኦቾሎኒ ከእንጀራው ጋር ተደምረው ወደ መቶው ያደርሳሉ። ከባዱን የብረት ቀን ከጾም ቀን አርቁት። በሁዳዴ ክብደቱን ሳትቀንሱ ከሦስት ዙር ወደ ሁለት ውረዱ፤ ጉልበት በዚያ አይጠፋም።

ምሽቶቹን ማከፋፈል

ሦስት ምሽት ካላችሁ ማክሰኞና ሐሙስ ምንጣፍ፣ ቅዳሜ ብረት። ሁለተኛዋን የብረት ክፍለ ጊዜ ሐሙስ ከትግሉ በኋላ ሃያ ደቂቃ አድርጓት፤ ከትግሉ በፊት ግን አይሁን፤ የዛለ እጅ መጥፎ ልማድ ይይዛል። አራት ምሽት ካለ ሰኞን ለብረት ጨምሩና ሐሙስን ለትግል ብቻ ተውት። አንድ ምሽት ብቻ ላለው ክርክር የለም፣ ምንጣፍ ነው፤ ጋቢዋን ቤት ውስጥ ሰቅሎ ጠዋት ጠዋት ጥቂት ይሳብ። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነና ገና የሚጀምር ሰው ደግሞ ቅደም ተከተሉን ይገልብጥ፦ ሁለት ወር ብረትና የራስ ክብደት፣ ከዚያ ወደ ምንጣፍ።

የዓመት መዝጊያ ሒሳብ፣ ሠርግ፣ ወይም ወደ ገጠር ወርዶ ቤተሰብን በአጨዳ ማገዝ ሳምንቱን ሲያጠበው መጀመሪያ የሚቀነሰው ሩጫው ነው፤ ቀጥሎ ሁለተኛዋ የብረት ክፍለ ጊዜ። የምንጣፉን ምሽት መቅረት ግድ ከሆነ አጋራችሁ በደብረ ብርሃን ብርድ አዳራሹ በር ላይ እንዳይቆም ከሰዓት በፊት ደውሉለት።